ሥራውን ለሠሪው ስለ መስጠት

ሌብነት በእጅ ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም፤ በአንደበትም ይፈጸማል። የሰውን በግ ነድቶ የወሰደ ሌባ ይባላል፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው ሰጥቶ የተናገረ ግን ብዙ ጊዜ «ተሳስቶአል» ይባላል እንጂ ሌባ አይባልም። ነገሩን በሚገባ ለመረመረው ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። በጉ የተወሰደበት ሰው ጮኾ ለዳኛ ያመለክታል። ሥራው የተወሰደበት ሰው፣ ይልቁንም የሞተ እንደ ሆነ፣ የሚጮኽበት አፍ የለውም። እንግዲህ ስለ እርሱ የሚሟገትለት ማነው? አሁን የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄውም እንዲያው በባዶ ቃል እንዳይቀር፣ በሩቅ አገር የተሠሩ አንዳንድ የሸክላ ዕቃዎችን ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

ፔሩ በምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር፣ በሰሜን በኩል ያለው የባሕር ዳር ምድር ዝናም እምብዛም የማይዘንብበት ምድረ በዳ ነው። ነገር ግን አንዴስ ከሚባሉት ረዣዥም ተራራዎች የሚወርዱ ወንዞች ምድረ በዳውን እየቈራረጡ ወደ ባሕር ይገባሉና፣ በየወንዙ ዳር ለምለም ሸለቆ ይገኛል። በእነዚህ ሸለቆዎች ካሉ ጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ በሰው ራስ አምሳል የተሠሩ የሸክላ ዕቃዎች ወጥተዋል። ዕቃው ውስጡ ክፍት ሆኖ ፈሳሽ የሚይዝ ነው። ከአናቱ ላይ እንደ ፈረስ እርካብ የቀለሰ ቱቦ ይነሣና፣ ከቱቦው ጫፍ ላይ አንድ አጭር አፍ ይወጣለታል። ሸክላ ሠሪው ጭቃውን ሁለት ወገን በሆነ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየጠቀጠቀ የፊቱንና የኋላውን ግማሽ ያወጣል፤ ሁለቱን ያጋጥማል፤ ስፌቱን በጣቱ ያለሰልሳል። ከዚያም በቀይና ነጣ ባለ ቀለም ቀብቶ በእሳት ይተኵሰዋል። የሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ አያውቅም ነበር።

ይህን ዕቃ ከሌላ የሸክላ ዕቃ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው ግን ፊቱ ነው። በብዙ አገር ጥንታውያን ሠሪዎች የሰውን መልክ ሲቀርጹ ሁሉንም ባንድ ዓይነት ይሠሩ ነበር፤ የንጉሡ ፊት የሁሉ ንጉሥ ፊት፣ የባሪያው ፊት የሁሉ ባሪያ ፊት ነበር። እነዚህ ሸክላ ሠሪዎች ግን የአንድን ሰው ፊት የዚያ ሰው ብቻ አድርገው ሠርተዋል። አንዱ ጕንጩ የሞላ ነው፤ ሌላው የከሳ ነው። አንዱ አፍንጫው ጎበጥ ያለ፣ ሌላው ዓይኑ ጠበብ ያለ ነው። አንዱ ሊስቅ ሲል ይመስላል፤ ሌላው የሰማውን ነገር ያላመነ ይመስላል። ከእነርሱም አንዱን ዛሬ በገበያ መካከል ብናገኘው፣ «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» የምንል ይመስለናል። እነዚሁ ሠሪዎች በሌሎች ዕቃዎቻቸው ዓይነ ስውሩንም፣ በሽታ አፍንጫውንና ከንፈሩን የበላበትን ሰውም እንዳለ አሳይተዋል፤ ለማሳመር ብለው አልደበቁም።

እንግዲህ ይህን የሚያስደንቅ ሥራ የሠራው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ኢንካዎች» የሚል ነው። ነጋዴውም ሻጩም እንዲህ ይላል፤ በችኰላ የሚጽፍ ሰውም እንዲህ ይላል። መልሱ ግን እውነት አይደለም። እነዚህን ዕቃዎች የሠሩት ዛሬ ሞቼ ተብለው የሚጠሩት ሕዝቦች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ሞቼዎች የኖሩት ከ200 እስከ 800 ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። ኢንካዎች ግን ከኩስኮ ከተማቸው ተነሥተው ሰፊ ግዛት ማቅናት የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ወደዚያ ወደ ሰሜኑ ባሕር ዳር የደረሱት በ1470 ገደማ ነው። ያን ጊዜም የወጉት ሞቼዎችን ሳይሆን፣ ከሞቼዎች በኋላ በዚያው ምድር የነገሡትን ቺሙ የሚባሉትን ነው። ስለዚህ በሸክላ ሠሪውና ሥራው በተሰጠው ወገን መካከል ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አለ።

ስሕተቱ ከምን መጣ ብንል፣ ምክንያቱ ለማስተዋል የሚያስቸግር አይደለም። ፍራንሲስኮ ፒሳሮ የሚመራቸው እስፓኞች በ1532 ፔሩ ሲገቡ ያገኙት ገዥ የኢንካው ንጉሥ አታዋልፓ ነበር። በካሃማርካ ከተማ ያዙት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ገደሉት። የዓለም ሕዝብ ስለዚያ አገር የሰማው በዚህ ታሪክ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ምድር የተገኘ ጥንታዊ ነገር ሁሉ በኢንካ ስም ይጠራ ጀመር። አንድ ሰው ወደ አንድ ቤት ገብቶ መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ተከራይ ብቻ ስላየ፣ ቤቱን የሠራው፣ ጕድጓዱን የቈፈረው፣ ዛፉንም የተከለው እርሱ ነው ቢል፣ ነገሩ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ኀይለኛና ዝነኛ የሆነ ሰው፣ ሳይለምንም ቢሆን፣ የደካማው ሥራ ተጨምሮ ይሰጠዋል። ይህ የሰው ልማድ በፔሩ ብቻ ያለ አይደለም።

ስሕተቱን ማረም የጀመሩት ደግሞ በትዕግሥት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ማክስ ኡሌ የተባለ የጀርመን ተወላጅ፣ በ1899 እና በ1900 ትሩሂዮ ከሚባለው ከተማ አጠገብ በሞቼ ሸለቆ፣ የጨረቃ ዋካ በሚባለው ታላቅ የጡብ ሕንፃ ግርጌ ቈፍሮ ብዙ መቃብር አገኘ። ኡሌ የኢንካን የሸክላ ሥራ ዓይነት ያውቅ ነበርና፣ በዚያ ያገኘው ከኢንካ የተለየና ብዙ የሚቀድም መሆኑን ተረዳ። ከእርሱም በኋላ ራፋኤል ላርኮ ኦይሌ የተባለ የዚያው አገር ሰው በ1926 ቺክሊን በሚባል የርስቱ ስፍራ ቤተ መዘክር አቋቁሞ እነዚህን ዕቃዎች ሰበሰበ፤ የእርካቡንና የአፉን ቅርጽ ለውጥ እየተመለከተ በ1948 በአምስት ዘመን ከፍሎ አስቀመጣቸው። ቤተ መዘክሩም ዛሬ በሊማ ከተማ ይገኛል። ሁለቱ ሰዎች ለራሳቸው ያተረፉት ዝና ቢኖርም፣ የሥራቸው ዋና ፍሬ ለሌሎች የሚገባውን መመለስ ነበር።

አሁን ግን አንድ ብልኅ ወጣት ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል። «እነዚህ ሰዎች ከሞቱ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ሆኖአቸዋል። የሞተ ሰው አይሰማም፤ አይከፋውም፤ አያፍርም። ‹ኢንካ› ቢባልም ‹ሞቼ› ቢባልም ለእርሱ አንድ ነው። ደግሞም የዕቃው ውበት በስሙ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ታዲያ በደሉ በማን ላይ ነው?» ይህ ጥያቄ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ብዙ ሰዎች በአፋቸው ባይናገሩትም፣ በልባቸው የሚያምኑት ይህንኑ ነውና።

መልሱን ከቅርብ ነገር እንጀምር። አንድ ሰው ሊሞት ሲል ለወዳጁ አደራ ቢሰጥና፣ ወዳጁ አደራውን ቢበላ፣ ሟቹ አልሰማምና በደል የለም እንላለንን? አንልም። እንዲያውም ከሕያው ሰው አደራ ይልቅ የሟች አደራ የከበደ ነው እንላለን። ስለምን ቢሉ፣ ሕያው ሰው አደራውን ራሱ ተከታትሎ ይጠይቃል፤ የሟች አደራ ግን በተቀባዩ ሕሊና በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም። የጥንት ሰዎች ሥራም እንደዚሁ ነው። ከእነርሱ ተርፎ በእጃችን የገባው ነገር ሁሉ ባለቤቱ ሊጠይቀን የማይችል አደራ ነው። ሊጠይቀን ስለማይችልም ግዴታችን ይበረታል እንጂ አይቀልም።

ሁለተኛው መልስ ስለ ሕያዋን ነው። ሥራን ሁሉ ለባለ ሥልጣንና ለዝነኛ መስጠት የለመደ አእምሮ፣ ልማዱን በጥንት ዘመን ላይ ብቻ አያቆምም። ድልድዩን በፀሓይ ቆመው የገነቡትን ሠራተኞች ረስቶ፣ ሪባኑን የቈረጠውን ሰው ብቻ ያስታውሳል። ድግሱን ሌሊቱን ሲያበስሉ ያደሩትን ሴቶች ረስቶ፣ ጋባዡን ብቻ ያመሰግናል። በትምህርት ቤትም አምስት ተማሪዎች አንድ ሥራ በኅብረት ታዘው አንዱ ደክሞ ሲጽፍ፣ ሌላው ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ስለ ሆነ ቆሞ ሲያነበው፣ ጭብጨባው ለአንባቢው ይሆናል። እንግዲህ በሙታን ላይ ስንፈርድ የምንለማመደው በሕያዋን ላይ የምንፈርደውን ፍርድ ነው።

የዕቃው ውበት በስሙ አይለወጥም ለተባለውም መልስ አለው። ውበቱ በእውነት አይለወጥም፤ የምንማረው ትምህርት ግን ይለወጣል። ይህን ሥራ የኢንካ ነው ያልን እንደ ሆነ፣ «በደቡብ አሜሪካ ጥበብ የተገኘው አንድ ታላቅ መንግሥት ከተነሣ በኋላ ነው» የሚል ሐሰተኛ ትምህርት እንማራለን። እውነቱ ግን ከዚያ ግዛት መነሣት ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ፣ በጥቂት ሸለቆዎች ውስጥ ውኃ በቦይ እየሳቡ እያረሱ የሚኖሩ ሕዝቦች፣ የአንዱ ሰው ፊት ከሌላው ፊት የተለየ መሆኑን አስተውለው ክብር እንደ ሰጡት ነው። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በስም ስሕተት ምክንያት ብናጣው ጕዳቱ የእኛ ነው።

ስሕተቱ ከክፉ ልብ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን፣ የአንድ ጥሩ ሰው ምሳሌ እንይ። ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በ1539 በኩስኮ ተወለደ። አባቱ የእስፓኝ ወታደር፣ እናቱ የኢንካ ነገሥታት ዘር ነበረች። በወጣትነቱ ወደ እስፓኝ ሄዶ በዚያ ሲኖር፣ የእናቱ ወገኖች ታሪክ በድል አድራጊዎቹ ብዕር ሲጠፋና ሲናቅ ተመለከተ። ስለዚህ በልጅነቱ ከእናቱ ዘመዶች የሰማውን ሁሉ ጽፎ በ1609 በሊዝቦን ከተማ አሳተመ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የተሸነፉት ስማቸው እንዳይጠፋ ደክሞአልና። ነገር ግን ይኸው ሰው በዚያው መጽሐፍ፣ ከኢንካዎች በፊት በዚያ አገር የነበሩት ሕዝቦች እንደ አውሬ ይኖሩ እንደ ነበርና፣ ሥልጣኔን ያመጡላቸው ኢንካዎች እንደ ሆኑ ጻፈ። የእናቱ ዘመዶች የነገሩት እንዲህ ነበር። እርሱም የተነገረውን አመነ።

ከዚህ የምንማረው ምንድነው? ለተበደለ ወገን መሟገት መልካም ነው፤ ነገር ግን የተበደለው ወገን ራሱ ቀድሞ በሌላው ላይ አድራጊ የነበረ ሊሆን ይችላል። ኢንካዎች የቺሙን መንግሥት ድል ባደረጉ ጊዜ፣ ጎበዝ የብረታ ብረት ሠሪዎችን ከባሕር ዳር አንሥተው ወደ ኩስኮ ወስደዋል። በኋላ ደግሞ እስፓኞች መጥተው በኢንካዎች ላይ ያደረጉትን ሁሉ አደረጉ። ፍትሕ የሚወድ ሰው በመጨረሻ የተጮኸውን ጩኸት ብቻ ሰምቶ ማቆም የለበትም፤ ከእርሱ በታች የተዳፈነ ሌላ ድምፅ እንዳለ ማድመጥ ይገባዋል። ለወገን ያለን ፍቅር እንኳ፣ እውነት ካልገራው፣ ለራሳችን ስም አተርፋለሁ ሲል የሌላውን ስም ይደፍናል።

ይህን ስንል ኢንካዎችን ለማሳነስ አይደለም። ኢንካዎች የራሳቸው የሆነ ታላቅ ክብር አላቸው። በተራራ ላይ ከ30000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አዘርግተዋል። ድንጋይን ያለ ማያያዣ ጭቃ እንዲህ አጋጥመው ገንብተዋልና፣ በመካከሉ ቢላዋ ማስገባት ያስቸግራል። ፊደል ሳይኖራቸው ኪፑ በሚባል በተቋጠረ ክር ሒሳብ ይይዙ ነበር። የሸክላ ሥራም አላቸው፤ አንገቱ ረዘም፣ ታቹ ሾጠጥ ያለ፣ በገመድ በጀርባ የሚታዘል ትልቅ እንስራ የታወቀ ሥራቸው ነው። በእርሱም ከበቆሎ የሚጠመቀውን ቺቻ የሚባለውን መጠጥ ያኖሩበት ነበር። ከእነዚህም እንስራዎች በአንዳንዶቹ አንገት ላይ ትንሽ የሰው ፊት ይገኛል። ነገር ግን ያ ፊት የአንድ የታወቀ ሰው መልክ ሳይሆን የእንስራው ጌጥ ነው። ይህ የእነርሱ ነው፤ በዚህም ይመሰገናሉ። የሌላውን የጨመርንላቸው እንደ ሆነ ግን፣ እውነተኛውን ሥራቸውን እንዳናይ እንሆናለን። በማይገባው ነገር የተመሰገነ ሰው፣ በሚገባው ነገር ሳይመሰገን ይቀራል። ስለዚህ የሐሰት ምስጋና የተነጠቀውን ብቻ ሳይሆን የተሰጠውንም ይበድላል።

ከአንደበት ሌብነት ጋር እጅና ጓንት ሆኖ የሚሄድ የእጅ ሌብነትም አለ። በዓለም ቤተ መዘክሮችና በሀብታሞች ቤት ከሚገኙት የሞቼ ዕቃዎች አብዛኞቹ በሥርዓት ተቈፍረው የወጡ አይደሉም፤ መቃብር ቈፋሪዎች በሌሊት አውጥተው የሸጡአቸው ናቸው። ዕቃው ሲሸጥ ከማን መቃብር እንደ ወጣ፣ በማን ራስጌ እንደ ነበረ፣ ከምን ነገር ጋር እንደ ተቀመጠ አይነገርም። ሻጩም ዋጋው ከፍ እንዲል የሚታወቀውን ስም ይለጥፍበታል። በ1987 በላምባዬኬ ሸለቆ፣ ሲፓን በሚባል ቀበሌ፣ ሌቦች አንድ ጥንታዊ ጕብታ ቈፍረው ወርቅ ዘረፉ። ወሬው ለፖሊስ ደረሰ፤ ዋልተር አልቫ የተባለው የአርኬዎሎጂ ዐዋቂም ወደ ስፍራው ሄዶ ቀሪውን በጥንቃቄ መቈፈር ጀመረ። በዚያም እጅ ያልነካው የአንድ ታላቅ የሞቼ ሹም መቃብር ተገኘ። በዚያው ስፍራ ከሺሕ በላይ የሸክላ ዕቃ እንደ ተቀመጠ ወጣ። እያንዳንዱ ዕቃ በቦታው ስለ ተገኘ፣ አቀማመጡ ራሱ ነገረን። ከሌቦች እጅ የወጣው ግን ወርቅ ሆኖ ሳለ ዲዳ ነው።

ድኻ ገበሬ በረኀብ ምክንያት መቃብር ቢቈፍር፣ ሥራው መልካም ባይሆንም ችግሩን እንረዳለን። ከሩቅ አገር ሆኖ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ግን ምን ምክንያት አለው? ገዥ ባይኖር ቈፋሪ አይኖርም ነበር። «ውበትን እወዳለሁ» የሚል፣ ውበቱን ከባለቤቱ መቃብር ነቅሎ ታሪኩን የሚያጠፋ ሰው፣ የሚወደው ውበትን ሳይሆን የራሱን መደርደሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፊቶቹ እንመለስ። ክሪስቶፈር ዶናን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በየአገሩ ያሉትን እነዚህን ዕቃዎች ፎቶግራፍ እያነሣ ሰብስቦ ሲያስተያይ፣ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ውጤቱንም በ2004 በመጽሐፍ አወጣው። አንዳንዱ ፊት በብዙ ዕቃ ላይ ይገኛል። ከእነርሱ መካከል ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበት አንድ ሰው አለ። ከ40 በሚበልጡ ዕቃዎች ላይ ይታያል፤ በአንዱ ገና ልጅ ነው፤ በሌላው ጐልማሳ ሆኖአል። አንድ ሸክላ ሠሪ፣ ወይም አንድ የሸክላ ሠሪዎች ቤት፣ ይህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ሠርቶታል ማለት ነው። ተመራማሪውም የሚጠራበት ቢያጣ በጠባሳው ስም ሰጠው። ሌሎችም አሉ፤ በአንዱ ዕቃ ላይ በጌጥና በራስ መጠምጠሚያ ተከብረው የሚታዩ፣ በሌላው ዕቃ ላይ ደግሞ ራቁታቸውን፣ እጃቸው ታስሮ፣ በአንገታቸው ገመድ ገብቶ የሚታዩ ናቸው። ክብርና ውርደት በአንድ ፊት ላይ ሲፈራረቁ ሸክላው መስክሮአል።

ነገር ግን ልብ እንበል። ባለ ጠባሳው ሰውዬ ፊቱ ተረፈ፣ ስሙ ጠፋ። ሸክላ ሠሪው ግን ስሙም ፊቱም ጠፋ። የሌላውን ፊት ለሺሕ ዓመት ያኖረው ጣት የራሱን ምልክት አላስቀመጠም። እንዲያውም «ሞቼ» የሚለው ስም ራሱ ተመራማሪዎች ከሸለቆውና ከወንዙ ወስደው የሰጡአቸው ነው እንጂ፣ እነርሱ ራሳቸውን በምን ይጠሩ እንደ ነበር አልተጻፈም። ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚገባውን መስጠት እንዴት ይቻላል? ይቻላል። ባለቤቱ የማይታወቀውን ገንዘብ ያገኘ ጨዋ ሰው፣ ባለቤቱን ስለማላውቅ ለጎረቤቴ ለሀብታሙ ልስጠው አይልም፤ «ባለቤት አለው፣ እኔ ግን አላውቀውም» ብሎ ያስቀምጠዋል። እንደዚሁም «ይህን የሠራው በሞቼ ሸለቆዎች የኖረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሸክላ ሠሪ ነው» ማለት ሙሉ ፍትሕ ባይሆንም እውነተኛ ፍትሕ ነው። የጠፋውን ስም ስፍራ ባዶ አድርጎ መጠበቅ፣ በሌላው ስም ከመሙላት ይሻላል።

ሞቼዎችም ቢሆኑ ሥራ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ከንቱ አልመሰላቸውም። በዚያው በሞቼ ሸለቆ የፀሓይ ዋካ የሚባል፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ በሚሆን ጥሬ ጡብ የተሠራ ተራራ የሚያህል ሕንፃ አለ። እስፓኞች ወርቅ ፍለጋ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወንዙን ጠምዝዘው ስለ ለቀቁበት፣ ከግማሽ የሚበልጠው ታጥቦ ሄዶአል። ከቀሩት ጡቦች በብዙዎቹ ላይ ግን በጣት የተደረገ ምልክት ይገኛል፤ መስመር፣ ነጥብ፣ ክብ፣ የእግር ዱካ። ምልክቶቹ ከመቶ ዓይነት በላይ ናቸው። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ እያንዳንዱ መንደር የታዘዘበትን የጡብ ድርሻ ማቅረቡ እንዲታወቅ ያደረገው ምልክት ነው። ሕንፃው የገዥዎች ነበር፤ ጡቡ ግን «እኛ ሠርተናል» ይላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሁለት ደንብ እናገኛለን። ሁለቱም ለወጣት ሰው ይጠቅማሉ። አንደኛው ደንብ፣ ስለ ራስህ ሥራ ስትል ስምህን አጥብቀህ አትሻ። ያ ሸክላ ሠሪ ስሙን ሳይተው፣ ለሺሕ ዓመት የሚኖር ሥራ ተወ፤ ሥራው በስም ማጣት አልተበላሸም። ስም ካልተጻፈልኝ አልሠራም የሚል ሰው ጥቂት ይሠራል፤ የሚሠራውም ለዓይን ነው። ሁለተኛው ደንብ፣ ስለ ሌላው ሰው ሥራ ስትናገር የባለቤቱን ስም አጥብቀህ ያዝ። ከማን እንደ ተማርህ፣ ማን እንደ ረዳህ፣ ከአንተ በፊት ማን እንደ ደከመ ተናገር። የማታውቅ እንደ ሆንህ መርምር፤ መርምረህ ያላገኘህ እንደ ሆነ አላገኘሁም በል።

ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ደንብ ገልብጦ ይይዛቸዋል። ስለ ራሱ ስም ሲሆን ጠበቃ ይሆናል፤ አንዲት ፊደል ስትቀርበት ይቈጣል። ስለ ሌላው ስም ሲሆን ደግሞ ፈላስፋ ይሆናል፤ «ስም ምን ይጠቅማል፣ ዋናው ሥራው ነው» ይላል። ይህን ገልባጭ ሚዛን በልባችን ውስጥ ካላቃናን፣ የቱንም ያህል ብንማር የእውቀት ነጋዴዎች እንሆናለን እንጂ የእውነት ወዳጆች አንሆንም።

ትሕትና ስለ ራስ፣ ጥንቃቄ ስለ ሌላው፤ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ይህ ነው። ከእኛ በፊት ብዙ እጆች ሠርተዋል። የምንቀመጥበት ወንበር፣ የምንጽፍበት ፊደል፣ የምንማርበት መጽሐፍ፣ የምንበላውም እህል ሠሪ አለው። ሁሉንም በስም ልናውቃቸው አንችልም፤ ነገር ግን የእነርሱን ለሌላ ሳንሰጥ፣ የእኛም ያልሆነውን የእኛ ሳንል ልንኖር እንችላለን። ይህን ያህል ማድረግ ሀብት አይጠይቅም፤ ሥልጣንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለአፍ ልጓም፣ ለልብ ፍርሀተ ሕሊና ብቻ ነው።